የፌዝ መሐንዲሶች

በኦክቶበር 1726 መጨረሻ ለንደን ውስጥ አንድ የጉዞ መጽሐፍ ለገበያ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የደራሲነቱን ቦታ የያዘው ሌሙኤል ጉሊቨር የተባለ የመርከብ ሐኪም ነው፤ የጻፈው ግን ደብሊን በሚገኘው የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ የነበረው ጆናታን ስዊፍት ነበር። ብዙ ሰው ጉሊቨርን የሚያውቀው ድንክዬዎቹ አገር ሄዶ በገመድ ሲተበተብ ነው። ለእኛ ታሪክ የሚያስፈልገው ሦስተኛው ጉዞ ነው። እዚያ ላጋዶ በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ አካዳሚ አለ። አንዱ ሊቅ ከኪያር ውስጥ የፀሐይ ጨረር አውጥቶ በጠርሙስ ለማሸግ ስምንት ዓመት ደክሟል። ሌላው በረዶ አቃጥሎ ባሩድ ለማድረግ ይጥራል። ሌላው ቤት ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ መሠረት የሚሠራበትን ዘዴ አግኝቻለሁ ይላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሀያ ጫማ በሀያ ጫማ የሆነ የእንጨት ማዕቀፍ ተዘርግቷል። የቋንቋው ቃላት በሙሉ የተለጠፉባቸው ትናንሽ እንጨቶች በቀጭን ሽቦ ተያይዘውበታል፤ ዙሪያውን አርባ የብረት እጀታ አለው። አርባ ተማሪዎች እጀታውን በአንድ ጊዜ ሲያዞሩት ቃላቱ ይገለባበጣሉ። ከዚያ ሠላሳ ስድስቱ ያነባሉ፤ ሦስት አራት ቃል ተገጣጥሞ ትርጉም የሚሰጥ ሲመስላቸው ለቀሩት አራት ጸሐፊዎች ያጽፋሉ። በዚህ ዘዴ ምንም ያልተማረ ሰው እንኳ ፍልስፍናና ግጥም፣ ሕግና ሒሳብ ይደርሳል ተብሎ ታስቧል።

ሽሙጡ አድራሻ ነበረው። በ1660 የተቋቋመው የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባላቱ ያደረጓቸውን ሙከራዎች በመጽሔት ያትም ነበር። ማርጆሪ ኒኮልሰንና ኖራ ሞህለር የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1937 እንዳሳዩት፣ ከላጋዶ ሙከራዎች ብዙዎቹ የተቀዱት ከዚያው መጽሔት እውነተኛ ዘገባዎች ነው። ስዊፍት አንዱን ሙከራ ከሌላው ጋር አጋባ፣ ወይም ተመራማሪው ካቆመበት አንድ እርምጃ አሳልፎ ወሰደው። ከራሱ የጨመረው ጥቂት ነው። እኔ እንደማየው የቀልዱ ኃይል ያለው ቁጥሩ ላይ ነው፤ እጀታው አርባ፣ አንባቢው ሠላሳ ስድስት፣ ጸሐፊው አራት ተብሎ በትክክል ተደምሯል። በሳይንስ የሚያፌዝ ሰው እንደ ሳይንቲስቱ ልኬት አዋቂ ካልሆነ ሥራው ስድብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ እትም የማሽኑን ንድፍ ሳይቀር ይዞ ነበር። ከወረቀት ወርዶ ብረትና እንጨት እስኪሆን ግን ብዙ ዘመን ጠበቀ።

ታሪኩ እንደገና የሚቀጥለው ሬን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ፣ በአንድ የፊዚክስ ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ ፌሊክስ ኤቤር ይባላል። ክፍል መቆጣጠር ያቃተው ሰው ነበርና ተማሪዎቹ ስለ እሱ የፌዝ ድርሰት እየጻፉ ታላቁ ለታናሹ ያወርሱ ነበር። በ1888 አልፍሬድ ዣሪ የተባለ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እዚያ ትምህርት ቤት ሲገባ ውርሱን ተረከበ። መጀመሪያ በአሻንጉሊት ቲያትር አሳየው። ኋላ ፓሪስ ይዞት ሄዶ «ንጉሥ ኡቡ» በሚል ርዕስ ዲሴምበር 10 ቀን 1896 መድረክ ላይ አወጣው፤ የዓድዋ ጦርነት ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ኡቡ ሆዳም፣ ፈሪና ጨካኝ ንጉሥ ነው። ተዋናዩ ብቅ ብሎ የመጀመሪያዋን ቃል፣ ያውም ነውር ቃል፣ ከአፉ እንዳወጣ አዳራሹ ተተራመሰ፤ ግማሹ ያፏጫል፣ ግማሹ ያጨበጭባል። ምስኪኑ የፊዚክስ መምህር ሳይወድ በግድ ዘውድ ጫነ።

ዣሪ ግን ፊዚክስን አልጠላም፤ እንዲያውም ከመምህሩ የበለጠ ሳይወደው አልቀረም። የሎርድ ኬልቪንን፣ የዊልያም ክሩክስን፣ የቻርልስ ቦይስን ጽሑፎች እያሳደደ ያነብ ነበር። ቦይስ ስለ ሳሙና አረፋ ለወጣቶች በሰጠው ታዋቂ ተከታታይ ትምህርት፣ በቀለጠ ሰም የተነከረ የሽቦ ወንፊት ውኃ ሳያስገባ እንደሚንሳፈፍ በተግባር አሳይቷል። ዣሪ ይህን ወስዶ ዶክተር ፎስትሮል ለተባለው የልቦለዱ ጀግና የወንፊት ጀልባ ሰጠው። አንባቢ እብደት ነው ብሎ ይስቃል፤ ቤተ ሙከራ ገብቶ ቢሞክረው ግን ወንፊቱ ይንሳፈፋል። በዚሁ መጽሐፍ ዣሪ አዲስ ሳይንስ አወጀ፤ ፓታፊዚክስ አለው፤ የሐሳባዊ መፍትሔዎች ሳይንስ ማለት ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ዶክተሩ ቀመር ደርድሮ የእግዚአብሔርን ስፋት ያሰላል። መጽሐፉ በ1898 ቢጠናቀቅም ደራሲው በሕይወት እያለ በመጽሐፍ መልክ አልታተመም። ዣሪ በ1907 በሠላሳ አራት ዓመቱ ሞተ፤ የመጨረሻ ልመናው የጥርስ መጎርጎሪያ እንዲያመጡለት ነበር ይባላል። በ1896 የገዛትን ብስክሌትም ዕዳዋን ሳይከፍል ነው የሄደው። ይህችን ብስክሌት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ዘሮቿ ኋላ በብዛት ይመጣሉ።

ፎስትሮል በ1911 ታተመ። ከዚያ ከዓመት በፊት ሬሞን ሩሴል የተባለ ሀብታም ደራሲ «የአፍሪካ ትዝታዎች» የተሰኘ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። አፍሪካን እዚያ ለማግኘት የሚከፍተው ሰው በከንቱ ይደክማል። መርከባቸው የተሰበረባቸው አውሮፓውያን በአንድ ምናባዊ ንጉሥ እጅ ይወድቃሉ፤ ማስለቀቂያው እስኪመጣ ትርዒት ያዘጋጃሉ፤ አህጉሩ ከመጋረጃነት በላይ ሚና የለውም። ይህ ለኛ የሚጎረብጥ ነገር ነው፤ ሩሴል ግን ስለ አፍሪካ ለመጻፍ አስቦም አያውቅ። ያሰበው ስለ ማሽኖቹ ነው። ከኮርሴት አጥንት የተሠራ ሐውልት አለ፤ የሚሽከረከረው ከጥጃ ሳንባ በተሠራ ሐዲድ ላይ ነው። ዚተር የሚደረድር ትል አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያለ ሠዓሊ እጅ የፊቱን መልክዓ ምድር አይቶ የሚሥል ማሽን አለ፤ ብርሃን የሚቀበል ሳህንና ብዙ ብሩሾች የተሰኩበት ጎማ ያለው። ሩሴል ይህን በራሱ ገንዘብ ወደ መድረክ አመጣው፤ ተመልካቹም ተሳለቀበት።

በ1912 ከታዳሚዎቹ መካከል ገና ሀያ አምስት ዓመት ያልሞላው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻም ተቀምጦ ነበር። አብረውት ባለቅኔው አፖሊኔርና ሠዓሊው ፒካቢያ አሉ። ዱሻም ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ ለትልቁ ሥራው መነሻ የሆነው ሩሴል መሆኑን ሳይደብቅ ተናግሯል፤ ሠዓሊ ከሠዓሊ ይልቅ ከደራሲ ቢማር ይሻላል የሚል እምነትም ነበረው። በዚያው ዓመት መኸር ከሠዓሊው ፌርናን ሌጄና ከቀራጺው ብራንኩሲ ጋር ፓሪስ ውስጥ የአውሮፕላን ትርዒት ጎበኘ። ሌጄ እንደሚያስታውሰው፣ ዱሻም የአንዱን አውሮፕላን ፕሮፔለር ትክ ብሎ ካየ በኋላ ከዚህ የተሻለ ማን ሊሠራ ይችላል፣ ሥዕል አበቃለት አለ።

እንዳለውም ብሩሹን አስቀምጦ በቅድስት ዤኔቪዬቭ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ያዘ። የልኬት ፌዙ የተጀመረው ያኔ፣ በ1913 ነው። በዚያ ዘመን ሜትር ማለት ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ሴቭር በጥብቅ የሚጠበቅ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ዘንግ ነበር፤ ከ1889 ጀምሮ ዓለም የሚለካው በሱ ነው። ዱሻም አንድ ሜትር የሚረዝም ክር ወሰደ። አግድም ወጥሮ ከአንድ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ድፍን ሰማያዊ በተቀባ ሸራ ላይ ለቀቀው። ክሩ እንደ ፈቀደ ተጣሞ አረፈ። እንዳረፈም በቫርኒሽ አጣበቀውና አዲስ ሜትር ነው አለ። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሳይንስ መደጋገም ይወዳልና። ኋላም ኩርባዎቹን ተከትሎ ከእንጨት ማስመሪያ ቆረጠላቸው፤ ሁሉንም የክሮኬት ጨዋታ ዕቃ በሚመስል ሳጥን ውስጥ ከተተ። ቀልድ ብሎ ብቻ አልተዋቸውም፤ ማስመሪያዎቹን በሌሎች ሥራዎቹ ላይ መስመር ለማስመር ተገልግሎባቸዋል። ሕጋዊው ሜትር የስምምነት ጉዳይ ከሆነ የኔስ ስምምነት ምን አነሰው ማለቱ ነው።

የዚህ ሥራ ታሪክ ዘግይቶ አንድ መታጠፊያ አገኘ። በ1999 የጥበብ ተመራማሪዋ ሮንዳ ሺረርና የሀርቫርዱ የሥነ ሕይወት ሊቅ ስቲቨን ጄይ ጉልድ ሸራዎቹን ከጀርባ ሲመረምሩ ክሮቹ ሸራውን በስተው በሌላው ወገን እንደሚቀጥሉ አዩ። ማለት ተሰፍተዋል። ወደቁ የተባሉት ክሮች በመርፌ የተቀመጡ ናቸው። የተጭበረበረ ሙከራ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ለሰማንያ ዓመት ያህል የዕድል አባት ተብሎ የተወደሰው ሰው ለዕድል ቅንጣት ታህል ቦታ አልሰጠም። አንዳንዶች ተቀየሙት። እኔ ግን ሥራው በዚህ የከበረ ይመስለኛል። አንድ ሊቅ ደክሞ እስኪመረምረው ድረስ ሰማንያ ዓመት የታገሠ ቀልድ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

በዚያው በ1913 ዱሻም የብስክሌት የፊት ጎማ ከነሹካው ገልብጦ በወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተከለው። በእጁ እያሽከረከረ ማየት ያስደስተው ነበር፤ የምድጃ እሳት የማየት ያህል ነው ይል ነበር። የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል። ዛሬ በየሙዚየሙ የምናየው በኋላ በድጋሚ የተሠራውን ነው።

በ1915 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ለስምንት ዓመት ያህል የደከመበትን ሥራ ጀመረ። ትልቁ መስታወት ይሉታል፤ ሁለት ትላልቅ መስታወቶች አንዱ ባንዱ ላይ ቆመው ቁመታቸው ከሁለት ሜትር ተኩል ይበልጣል። ላዩ ላይ የሊድ ሽቦ፣ የሊድ ቅጠል፣ የዘይት ቀለም፣ ቫርኒሽና አቧራ አለበት። አቧራው ስህተት አይደለም። መስታወቱን አጋድሞ ለወራት ያለ ጠራጊ ተወው፤ ማን ሬይ የተባለው ወዳጁ በ1920 ፎቶግራፍ አነሳው፤ ከዚያ ዱሻም አቧራውን በተፈለገው ቦታ ላይ ብቻ ትቶ በቫርኒሽ አተመው። ቦታውም ተከታትለው የተደረደሩ ወንፊቶች ናቸው። ላይኛው መስታወት ላይ ሙሽሪት አለች፤ ታችኛው ላይ ዘጠኝ ወንዶች የልብስ ቅርፅ ብቻ ሆነው ቆመዋል፤ ከጎናቸው የቸኮሌት መፍጫ፣ የውኃ ወፍጮና ቱቦ። ፍቅር በጋዝ፣ በግፊትና በስበት ሕግ ተብራርቷል፤ ሕጎቹን ግን ዱሻም ራሱ ትንሽ ለጥጦ አበጅቷቸዋል። ለዚህ ሁሉ የጻፋቸውን ማስታወሻዎች፣ ቀዳዳቸውና ስርዛቸው ሳይቀር፣ በ1934 አረንጓዴ ሳጥን ውስጥ አሳተማቸው። በ1923 ሥራውን አልጨረስኩትም፣ አልጨርሰውም ብሎ አቆመ። ከብሩክሊን ኤግዚቢሽን ሲመለስ መኪና ላይ ተሰበረ። የተጫነበት ሣጥን ከዓመታት በኋላ ተከፍቶ ስብራቱ ሲታይ ዱሻም አልተናደደም፤ በ1936 ስባሪውን አንድ በአንድ ገጣጥሞ ስንጥቁን ወደደው። ዛሬ ፊላዴልፊያ ሙዚየም ውስጥ ከነስንጥቁ ቆሟል።

በ1935 ደግሞ ዱሻም የፈጠራ ሰዎች ዕቃቸውን በሚሸጡበት የፓሪሱ የሌፒን ውድድር ላይ ቦታ ተከራይቶ እንደማንኛውም ነጋዴ ቆመ። የሚሸጠው በሸክላ ማጫወቻ ላይ ሲሽከረከሩ ጥልቀት ያላቸው የሚመስሉ የካርቶን ክቦች ነበሩ። ግራና ቀኙ ያሉት ጎረቤቶቹ ጠቃሚ የቤት ዕቃ ይሸጣሉ። ገበያተኛው እሱን እያየ አለፈ፤ ንግዱ ከሰረ።

በዚሁ ከተማ አሌክሳንደር ካልደር የተባለ አሜሪካዊ ከሽቦ፣ ከቡሽ፣ ከጨርቅና ከቁልፍ የተሠራ ትንሽ ሰርከስ በሻንጣ ይዞ እየዞረ ያሳይ ነበር። ዲግሪው በመካኒካል ምህንድስና ነው። በ1931 ለሚንቀሳቀሱ ሥራዎቹ ሞቢል የሚለውን ስም ያወጣለት ዱሻም ነበር። ካልደር ግን ፌዘኛ አልነበረም፤ ነገሩ ንፁህ ደስታ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ አላቆየውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948፣ ፓሪስ ውስጥ የዣሪ ወዳጆች የፓታፊዚክስ ኮሌጅ አቋቋሙ። ማዕረግ ደለደሉ፣ መተዳደሪያ ጻፉ፣ መጽሔት አወጡ፤ ሁሉንም ከልባቸው ሳይስቁ አደረጉት። ዱሻም፣ ማክስ ኤርንስት፣ ኢዮኔስኮ፣ ሬሞን ኬኖ አባል ሆኑ። የራሳቸው የዘመን አቆጣጠርም አላቸው፤ ከዣሪ ልደት ከሴፕቴምበር 8 ቀን 1873 ይጀምራል። የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ዓመታቸው አሥራ ሦስት ወር ነው! አዲስ ዓመታቸውም በኛ ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት ይውላል። ለፓሪስ ሰው ዕብደት መስሎ የታየውን እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅለነው እንኖራለን።

ይህን ሁሉ ፌዝ የወረሰው ዣን ቲንግሊ በ1925 ፍሪቡር ተወልዶ ባዝል ያደገ ስዊዘርላንዳዊ ነው። በልጅነቱ ጫካ ውስጥ ባለ ምንጭ ላይ ትናንሽ የውኃ ጎማዎች ደርድሮ እያንዳንዱ ቆርቆሮ እንዲመታ ያደርግ እንደነበር ይናገር ነበር። ትምህርቱን ትቶ በአንድ ትልቅ መደብር የመስኮት አስጌጭነት ለመደ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ገባ፤ በ1955 በዴኒዝ ሬኔ ጋለሪ በተዘጋጀው የእንቅስቃሴ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራው ከዱሻምና ከካልደር ጎን ቆመ። የሱ ዕቃ ሽቦ፣ ላሜራ፣ ቺንግያ፣ ከቆሻሻ የተለቀመ ጎማና አሮጌ ሞተር ነው። ጥሩ መካኒክ ማሽን እንዳይንገጫገጭ ይለፋል፤ ቲንግሊ እንዲንገጫገጭ ለፋ።

በ1959 ሜታ ማቲክ ያላቸውን የሥዕል ማሽኖች አመጣ። በዚያን ወቅት ፓሪስ ውስጥ የገነነው ቀለምን እንደ ስሜት የሚረጭ ሥዕል ነበር፤ ሠዓሊው ነፍሱን ሸራ ላይ ያፈሳል ይባል ነበር። ቲንግሊ እንዲህ ያለውን ነፍስ በሞተር ሠራው። ጎብኚው ሣንቲም መሳይ ነገር ያስገባል፣ ወረቀት ይሰካል፣ የቀለሙን እስክሪብቶ ይመርጣል፤ ክንዱ እየተንዘፈዘፈ ይጭራል፤ ሁለት ወረቀት አንድ ዓይነት አይወጣም። ዱሻምም ኢሪስ ክሌር ጋለሪ ድረስ መጥቶ ሞክሮታል። ፌዙ ምሉዕ እንዲሆን ቲንግሊ ለማሽኑ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠየቀ። የስዊፍት አርባ እጀታና የሩሴል ባለብሩሽ ጎማ አሁን በሞተር የሚሠራ ዕቃ ሆኑ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ቢየናሌ ትልቁ ማሽን ከሙዚየሙ ደጃፍ ቆሞ በብዙ ሺ የሚቆጠር ሥዕል ጭሮ አደለ፤ የጭስ ሽታው እንዳያውክም ጭሱን በትልቅ ፊኛ ይሰበስብ ነበር። ሠዓሊዎቹ ተቆጡ። በኖቬምበር ደግሞ ለንደን ውስጥ ብስክሌት ነጂዎች ፔዳል እየመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወረቀት በሥዕል አዥጎደጎዱ።

ከዚያ ኒው ዮርክ። የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1960 መጀመሪያ በአትክልት ስፍራው ሥራ እንዲያሳይ ፈቀደለት፤ ቲንግሊም በሚታይበት ዕለት ራሱን የሚያጠፋ ማሽን እሠራለሁ አለ። ዕቃውን በአብዛኛው ያገኘው ከኒው ጀርሲ የቆሻሻ መጣያዎች ነው፤ በርካታ የብስክሌት ጎማዎች፣ መታጠቢያ ገንዳ፣ ፒያኖ፣ የአየር ሁኔታ መለኪያ ፊኛ፣ ጋሪ። ረዳቱ ቢሊ ክሉቨር ይባላል፤ በታዋቂው የቤል የምርምር ተቋም የሚሠራ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ክሉቨር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የጊዜ መቆጣጠሪያና የኬሚካል ጭስ አዘጋጀ። በዘመኑ ከዓለም ምርጥ የስልክና የትራንዚስተር ላቦራቶሪ የመጣ ሰው፣ ማሽን በሰዓቱ እንዲወድቅ እያሰላ ነበር። ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግም የብር ዶላር የሚያስፈነጥር ትንሽ መሣሪያ አዋጣ። ለሦስት ሳምንት ያህል በአትክልት ስፍራው በነበረው የባክሚንስተር ፉለር ጉልላት ውስጥ ሲበይዱ ከረሙ። የተገጣጠመው ነገር ሁሉ ነጭ ተቀባ፤ ቁመቱ ከሰባት ሜትር በላይ ነበር።

ማርች 17 ቀን 1960 ማታ በብርድ ታዳሚ ተሰበሰበ። ፒያኖው መንኳኳት ጀመረ፤ ጭስ ወጣ፤ ሳንቲሞቹ ተፈናጠሩ። ወዲያው ግን ነገሩ ከእቅዱ ወጣ። ትልቁ የሥዕል ማሽን ቺንግያው በተቃራኒው ስለገባ ወረቀቱን ወደ ፊት በመልቀቅ ፈንታ ወደ ኋላ ጠቀለለ። ሊነሱ የታሰቡ ነገሮች አልተነሱም። ፒያኖው እሳት ያዘ፤ እሳቱ ሲበረታ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገብቶ አጠፋው፤ ሕዝቡም ጮኸበት። በሀያ ሰባተኛው ደቂቃ ትርዒቱ አበቃ። ታዳሚው ቁርጥራጩን ማስታወሻ ይሁነኝ እያለ ተሻማ። ቲንግሊ ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም ይገባኛል። አስቦበት ያቀደው ውድቀት እንደ እቅዱ ሊወድቅ አልቻለም፤ ማሽኑ ላይ ሊያፌዝ ተነስቶ ማሽኑ መልሶ አፌዘበት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው የማሽንን መፈራረስ ትርዒት ሊያደርግ ሞክሯል፤ እንዲህ በሐቅ የከሸፈ አላውቅም። ክሉቨር ደግሞ በዚያ ምሽት ነገሩ ጣመው፤ በ1966 ራውሸንበርግን ይዞ መሐንዲሶችንና ከያንያንን በዘጠኝ ምሽቶች ትርዒት አገናኘ፤ ኋላም ለዚሁ ሥራ ድርጅት አቋቋመ።

በማርች 1962 ቲንግሊ ኔቫዳ በረሃ ላይ ነበር። ከላስ ቬጋስ በተለቀመ ዕቃ የሠራቸውን ማሽኖች በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ካሜራ ፊት በፈንጂ አጋያቸው፤ ርዕሱ ለዓለም ፍጻሜ የሚሆን ጥናት ቁጥር 2 ነው። በዚያው ግዛት መንግሥት ከ1951 ጀምሮ አቶሚክ ቦምብ ይሞክር ነበር። ቁጥር የተሰጠው «ጥናት» መባሉ ላይ ያለው መርዝ ለዘመኑ ሰው ማብራሪያ አላስፈለገውም።

በ1964 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ኤግዚቢሽን ሎዛን ላይ ሲካሄድ አገሪቱ ፋብሪካዋንና የሰዓት ጥበቧን ለዓለም አሳየች። ቲንግሊ ደግሞ ሂዩሬካ ያለውን ግዙፍ የብረት ማሽን ደጅ ላይ አቆመ፤ አርኪሜደስ ከገላ መታጠቢያው ዘሎ ሲወጣ ጮኸው የተባለውን ቃል ማለት ነው። ማሽኑ ያሽከረክራል፣ ያንቀጫቅጫል፣ ያንከባልላል፤ የሚያመርተው ነገር የለም። ዛሬ ዙሪክ ሐይቅ ዳር በተወሰኑ ሰዓታት ይነሳል። በ1967 ያሳየው ሮቶዛዛ ኳስ ይወረውራል፣ ተመልካቹ ለቅሞ ይመልስለታል፣ ማሽኑ እንደገና ይወረውራል፤ ከማምረትና ከመሸመት ዑደት ሰው የሚያገኘው ሩጫውን ብቻ ነው። ከ1969 ጀምሮ ከሠዓሊዋ ኒኪ ደ ሳን ፋልና ከሌሎች ወዳጆቹ ጋር በፈረንሳይ፣ በሚዪ ላ ፎሬ ጫካ ውስጥ ሀያ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ባለ አንድ ዓይን የብረት ጭንቅላት ሲገነባ ዓመታት አለፉ። በ1988 ገደማ ደግሞ ፈላስፎችን ወደ ማሽን ለወጣቸው፤ ረሶ፣ ኤንግልስ፣ ቪትገንስታይን፣ ሄይድገር በቁርጥራጭ ብረትና በጎማ ተሠርተው እየተንቀጠቀጡ ያስባሉ።

ኦገስት 30 ቀን 1991 በርን ውስጥ አረፈ። ፍሪቡር ላይ በተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዓት ክላማውክ የተባለው በትራክተር ላይ የተሠራ ማሽኑ ደወሉን እየመታና እየጨሰ ከሰልፈኛው ጋር ከተማውን አቋረጠ።

ማሽኖቹ የሚኖሩበት ቤት በ1996 ባዝል ላይ ተከፈተ። ንድፉን ያወጣው ማሪዮ ቦታ የተባለ አርክቴክት ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው የመቶ ዓመት ልደቱን ያከብር የነበረው የመድኃኒት ኩባንያ ሮሽ ነው። ኩባንያው የተመሠረተው በ1896፣ ኡቡ መድረክ ላይ በወጣበት ዓመት ነው። በቤተ ሙከራ የበለፀገ ኩባንያ በቤተ ሙከራ ለሚያፌዝ ሰው ቤት ሠራ። ጎብኚው የወለሉን ቁልፍ ሲረግጥ ማሽኑ ይነሳል፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ማረፍ አለበት። ሳይበላሽ እንዲቆይ ነው። እንዲበላሽ የተሠራን ነገር ሳይበላሽ ማቆየት የጥገና ባለሙያዎቹ ዕለታዊ ራስ ምታት ሆኗል።

በ2000 ቤልጅየማዊው ዊም ዴልቮይ አንትወርፕ ውስጥ አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም ማሽን አቆመ። ክሎአካ ይባላል። በአንድ ጫፍ ምግብ ይገባል፤ በሰው ገላ ሙቀት ልክ በተያዙ፣ ኢንዛይምና ባክቴሪያ በያዙ የመስታወት ጋኖች ውስጥ ያልፋል፤ በሌላው ጫፍ እውነተኛ ዓይነ ምድር ሆኖ ይወጣል። ዴልቮይ ሳይንቲስቶችን አማክሮ ነው የሠራው፤ ለማሽኑም የታዋቂ ኩባንያዎችን አርማ የሚያስመስል አርማ ሠራለት፤ ምርቱንም አሽጎ ሸጠው። ላጋዶ ውስጥ ዓይነ ምድርን ወደ መጀመሪያ ምግብነቱ ለመመለስ ዕድሜውን የፈጀ አንድ አዛውንት ተመራማሪ ነበር። ዴልቮይ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዶ ተሳካለት። ከማሽኑ ልጆች አንዱ ዛሬ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ደሴት፣ ሆባርት ከተማ በሚገኘው ሞና ሙዚየም ይኖራል። ሠራተኞቹ በየቀኑ ያበሉታል። ጎብኚዎች የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቀው ይሰበሰባሉ፤ አፍንጫቸውን ይዘውም ቢሆን እስኪያልቅ የሚቆሙ አሉ።